ጠመኔ ያስነጠቀኝ «ገባችሁ?»

ሰው ሱስ አለብኝ ሲል እሰማለሁ። አንዱ በሲጋራ፣ አንዱ በጫት፣ አንዱ በስልኩ ይማረራል። የእኔን ሱስ የተናዘዘ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የእኔ ሱስ አንዲት ቃል ናት። አራት ፊደል ብቻ ናት፤ አትሸትም፣ ጥርስ አታበልዝም፣ ሱቅ አታስኬድም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስወስዳት ኖሬ ሱሰኛ መሆኔን ያወቅሁት ግን ባለፈው ጥቅምት ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለሰው ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ስለሆነ፣ እባካችሁ ወንበር ሳቡና ቁጭ በሉልኝ።

ሐረር ውስጥ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር። ሐረር ግን እንግዳን «የት ትሄዳለህ አቦ» ብላ የምታስቀር ከተማ ናት፤ ይኸው አግብቼ፣ ወልጄ፣ ሆዴም ገፍቶ እዚሁ አለሁ። ክፍሌ ውስጥ ስልሳ ልጆች አሉ። ከጀጎል ውስጥ የሚመጡት ቤታቸው ሐረሪኛ ያወራሉ፤ ከከተማው ውጭ ካሉት ገጠሮች፣ ከሶፊና ከድሬ ጠያራ በኩል፣ የመጡት ኦሮምኛ ነው፤ የቀሩት እንደ እኔ ያለ የመንግሥት ሠራተኛና የወታደር ልጆች በአማርኛ ያደጉ ናቸው። ኳስ ሜዳ ላይ ሦስቱንም ደባልቀው ይሰዳደባሉ። ክፍል ውስጥ ሲገቡ ግን ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዝም ይላሉ።

ጥቅምት ላይ ለሦስት ቀን ስልጠና ተጠራን። እውነቱን ልንገራችሁና ስልጠና ሲባል እኔ ቶሎ የሚታየኝ የኋላ ወንበር ነው። ዓይኔን ገልጬ መተኛት እችላለሁ፤ ከሥራ ዘመኔ ያተረፍኩት ትልቁ ችሎታ ይኸው ነው። በሁለተኛው ቀን ግን አሰልጣኟ፣ ቀጠን ያለች ባለመነጽር ሴት፣ አንድ ነገር ተናገረችና ነቃሁ።

«መምህሩ ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ ጭራውን ለተማሪው ከተወ፣ ተማሪው የሚማረው ጭራውን ብቻ ነው» አለች። «የንግግራችሁ ቅርጽ የልጁን አስተሳሰብ ይቀርጸዋል። ገባችሁ የሚል መምህር ገባን የሚል ልጅ ያፈራል። የገባው ልጅ ማፍራት ግን ሌላ ሥራ ነው።»

ራሴን አየሁት። ጠመኔ ይዤ፣ «ውሃ የሚፈላው በመቶ ዲግሪ ሴንቲ...» ስል፣ ስልሳ ልጅ «ግሬድ!» ሲል። «ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በፀሐይ ብር...» ስል፣ «ሃን!» ሲባል። ይህን ሁሉ ዘመን ጭራ ሳከፋፍል ኖሬአለሁ። ዛሬ ሾፌር የሆነ፣ ወታደር የሆነ፣ ነርስ የሆነ ስንት ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ «ግሬድ» እና «ሃን» ብቻ ይዞ እየዞረ እንደሆነ አንድዬ ይወቀው። አፈርኩ። ግን ደግሞ ከማፈሬ ይልቅ ደስታዬ ባሰ፤ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ አዲስ ነገር ገባኝ። አጠገቤ ያለውን ሰው እስክርቢቶ ለመንኩት፤ የራሴንማ ይዤ አልመጣሁም።

ቤት እንደደረስኩ ለባለቤቴ አወጅኩ። «ከነገ ጀምሮ ገባችሁ የምትል ቃል ከአፌ አትወጣም፤ ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች፣ ዓይኗን ከምትከትፈው ሽንኩርት ላይ ሳታነሳ።

በአስራ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ከሰማኋቸው «ገባኝ»ዎች ስንቱ እውነተኛ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ። መጠየቁ አያዋጣም ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ደረቴን ነፋሁ። «ልጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ ገባችሁ፣ ገባን የሚባል ነገር እዚህ ክፍል የለም። ገባችሁ?»

«ገባን!»

የጣሪያው ቆርቆሮ ጮኸ። ሱስ በምክር እንደማይለቅ ያን ጊዜ ተረዳሁና ሕግ አወጣሁ። «ገባችሁ» ካልኩ፣ መጀመሪያ የያዘኝ ልጅ ጠመኔውን ይነጥቀኛል፤ እኔ የእሱ ቦታ እቀመጣለሁ፤ እሱ ለአምስት ደቂቃ ያስተምራል። ይህን ሕግ ሳወጣ በሳምንት አንዴ ቢሠራ ነው ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰባት ጊዜ ተነጠቅሁ። የስድስተኛ ክፍል ዴስክ ደግሞ ለእኔ ጉልበት የተሠራ አይደለም፤ ቤት የገባሁት እያነከስኩ ነው።

መጀመሪያ የነጠቀኝ ሙአዝ ነው። ሙአዝ የጀጎል ልጅ ነው፤ ምላሱ ከእግሩ ይቀድማል። ወጣና ሱሪውን በሁለት እጁ ወደ ላይ ሳብ አደረገ። ሰሌዳውን በጠመኔ ሁለቴ ኳ ኳ አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ ልጆች፣ ውሃ ሲሞቅ ወደ እንፋ...» «ሎት!» «ገባችሁ?» «ገባን!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ «እኔ እንደዚህ ነኝ እንዴ?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅሁት።

ልጁ ትንሽ አሰበና «ሁለተኛዋን ሳል ረሳት ቲቸር» አለኝ።

እንግዲህ ሳስተምር የኖርኩት ሳይንስ አልነበረም፤ ራሴን ነው። ሱሪ አሳሳቤን ሳይቀር በደንብ ይዘውታል። ፈተናው ስለ እኔ ቢሆን ኖሮ ስልሳውም ይደፍኑ ነበር።

ክፍል ውስጥ ያፈንኳት ቃል ደግሞ ውጭ ውጭውን ታመልጠኝ ጀመር። ወደ ሸዋ በር ገበያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ለረዳቱ «መታጠፊያዋ ላይ ወራጅ አለ፣ ገባህ?» አልኩት። «ገባኝ» አለኝና ከመታጠፊያዋ ሁለት ፌርማታ አሳልፎ አወረደኝ። እሑድ ደግሞ ንስሐ አባቴ ዘንድ ቀርቤ ኃጢአቴን ዘርዝሬ ስጨርስ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ገባዎት አባ?» ብዬ አረፍኩት። «ገባኝ ልጄ» አሉ አባ። «ለዚህችም ሃያ ስግደት ጨምርባት።»

ከዚያ ቃሏን በሌላ ልተካት ሞከርኩ። «ግልጽ ነው?» ስላቸው «ግልጽ ነው!» አሉኝ። «ጥያቄ አለ?» ስላቸው «የለም!»። ብልጥ ልሁን ብዬ «አልገባችሁም አይደል?» ስል፣ በዚያው ዜማ «አልገባንም!» አሉና ተሳሳቁ። የሚመልሱት ለቃሉ ሳይሆን ለዜማው እንደሆነ ጠረጠርኩ። ጥርጣሬ ካደረብኝ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም፤ በማግስቱ ልሞክረው ቆረጥኩ።

«ፀሐይ የምትወጣው በምዕራብ ነው፣ ገባችሁ?»

«ገባን!»

«ድንጋይ ሲራብ ሣር ይበላል፣ ገባችሁ?»

«ገባን!»

«እኔ ዝሆን ነኝ፣ ገባችሁ?»

«ገባን!»

ከደስታዬ ብዛት ጮህኩ። ግኝት ነው እኮ። በዚህ መካከል ቀና ስል ርዕሰ መምህራችን አቶ ታፈሰ መስኮቱ ላይ ቆመዋል። አቶ ታፈሰ ትምህርትን የሚለኩት በጆሯቸው ነው፤ በረንዳው ላይ ሲዘዋወሩ ዝም ያለ ክፍል ካጋጠማቸው እንደታመመ ሰው ነው የሚያዩት። በጣታቸው ጠሩኝ። ስልሳ ልጅ ዝሆንነቴን ሲያጸድቅ ሰምተዋል፤ አለቀልኝ ብዬ ወጣሁ።

«ሰምቼሃለሁ» አሉኝ። «ተሳትፎ ማለት እንዲህ ነው። የሚቀጥለው ሐሙስ ሱፐርቫይዘሮች ይመጣሉ፤ ሠርቶ ማሳያውን አንተ ታቀርባለህ። ያንኑ ድምፅ እፈልጋለሁ።»

«ምን እያልኩ እንደነበር ግን ሰምተዋል?»

«ይዘቱን አላጣራሁም» አሉና ሄዱ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት፣ ገና ልቤ ሳይረጋ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ጠበቁኝ። አዴ ሀሊማ ይባላሉ፤ አዴ እዚህ እንደ «እማማ» ናት፤ ሸዋ በር ጃንጥላ ዘርግተው ጫት ይሸጣሉ። አጠገባቸው የክፍሌ ልጅ ነስሪያ ቆማለች። ነስሪያ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ልትማር ከሶፊ መጥታ እሳቸው ዘንድ ከተቀመጠች ሁለት ዓመቷ ነው። መስኮቱ ሥር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ጠመኔ ነጥቃኝ አታውቅም። ከሰሌዳ የተገለበጠ ነገር ስጠይቃት ነጥብ ሳታጓድል ትጽፋለች፤ «ለምን» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ወረቀቷ ነጭ ነው።

«አንተ ነህ የሳይንሱ መምህር?» አሉኝ። ሐረር ከአንቱታ ጋር ብዙ አትግባባም።

«አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ።»

«ይቺን ልጅ ወንድሜ የላከልኝ ተምራ ሰው ትሁን ብሎ ነው። ዛሬ ምን ተማርሽ እላታለሁ፤ ገብቶኛል ትለኛለች። ትናንትስ? ገብቶኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ገባ፣ ገባ፣ አንድም ቀን አልወጣ። እኔ አልተማርኩም፤ ግን አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ያወራዋል አቦ። ሰሚስተሩ ሲያልቅ ወደ ሶፊ እመልሳታለሁ። አባቷም እርሻው ላይ ሰው አጥሮታል ወላሂ።»

ነስሪያ ጫማዋን ታያለች። ደብተሯን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች፤ የያዘችበት ጣቷ ነጥቷል። ያን ጣት ሳይ መላ መምታት ሲገባኝ፣ ገና የአቶ ታፈሰ ሙገሳ ከራሴ ላይ አልወረደምና በጉራ አፌን ከፈትኩ።

«ሐሙስ ይምጡ» አልኩ። «ነስሪያ በእንግዶች ፊት ስትናገር በጆሮዎ ይሰማሉ።»

«ካልተናገረችስ?»

«ካልተናገረችማ እርስዎ እንዳሉ ይሁን።»

ሰው በራሱ በሬ ይወራረዳል፤ እኔ በሰው ልጅ ተወራረድኩ። የሠራሁት የገባኝ እሳቸው መንገዱን ከተሻገሩ በኋላ ነው። ሮጬ እንዳልመልሳቸው ጉልበቴ ከዴስኩ አላገገመም።

በማግስቱ ነስሪያን በእረፍት ሰዓት ጠራኋት። «ያልገባሽ ምንድን ነው?» ስላት «ገብቶኛል ቲቸር» አለች። «እሺ፣ የገባሽስ ምንድን ነው?» ስላት እጅጌዋን መጎተት ጀመረች። ደግሜ ብጠይቃት እጅጌው መቀደዱ ነው፤ ተውኳት። ይቺ ልጅ መናገር አትችልም ብዬ ደመደምኩ፤ መምህር ሲቸግረው የሚደርስበት የመጀመሪያው መደምደሚያ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ቲማቲም ግዛ ብላ ላከችኝና ሸዋ በር ወረድኩ። ቲማቲሜን እያስመዘንኩ ሳለ ከጎን «ሂቦ!» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ሰማሁ። በኦሮምኛ እንቆቅልሽ ሲጀመር እንዲህ ነው የሚባለው። ዞር ብዬ ባይ ነስሪያ ናት። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የውሃ ጀሪካን አጠገብ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች፤ ጫት ሻጮቹ ሴቶች ዙሪያዋን ከበዋታል። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ቢሆንም ተከተልኳት።

«ቀኑን ሙሉ ይከተለኛል፤ ቤት ስገባ በሩ ላይ ይቀራል» አለች።

«ባሌ ነዋ» አለች አንዷ።

«ያንቺ ባል መቼ ተከትሎሽ ያውቃል?» አለች ሌላዋ፤ ተሳሳቁ። ሲያቅታቸው ነስሪያ እጇን ዘረጋች። «ሀገር ስጡኝ።»

ተመካክረው ባቢሌን ሰጧት። «ባቢሌ ገብቼ» አለች አገጯን ቀና አድርጋ፣ «ኦቾሎኒውን እኔ በላሁ፣ ገለባውን ለእናንተ ተውኩ። ጥላዬ ነው።»

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። መናገር የማትችለው ልጅ ገበያውን ታዝዘዋለች። እኔስ ብሆን ደብረ ብርሃን ልጅ ሆኜ ስንቱን እንቆቅልሽ ተጫውቼአለሁ? «እንቆቅልሽ» ሲሉኝ ከአፌ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል ምን ነበር? «ምን አውቅልህ» ነዋ። ልብ በሉልኝ እስቲ። አላውቅም ማለት የማያሳፍርበት፣ እንዲያውም ሳይባል ጨዋታው የማይጀመርበት ንግግር እቤታችን ተቀምጧል። በአማርኛ አለ፤ በኦሮምኛም አለ። እኔ ክፍል ውስጥ ግን አላውቅም ያለ ልጅ ጨዋታው የሚያልቅበት ነው። ሸዋ በር መሃል ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እጄን አየችው። «ቲማቲሙስ?»

«ቲማቲሙን ተይው። ምን አውቅልህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

«ምሳ የለም ማለት ነው» አለች።

ሰኞ ክፍሉን በእንቆቅልሽ ከፈትኩት። ሳይንሱን በሙሉ ወደ እንቆቅልሽ ቀየርነው፤ መጠየቁ የእኔ ብቻ እንዳይሆን እነሱም እኔን ይጠይቁኛል። ሙአዝ በሐረሪኛ ያመጣል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይመልሳል፣ እኔ መሃል ላይ እዋትታለሁ። መከራው ሀገር መስጠቱ ነው። በሕጉ መሠረት ያላወቀ ሀገር ይሰጣል፤ እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ አላውቅም። ሰኞ ድሬዳዋንና ጅጅጋን አጣሁ። ማክሰኞ አዲስ አበባን ለሙአዝ አስረከብኩ። ረቡዕ ምንም ሀገር አልቀረኝምና የተወለድኩበትን ደብረ ብርሃንን ሰጠሁ፤ ለእናቴ ደውዬ አልነገርኳትም። ነስሪያ ግን፣ አንዴ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከማየቴ በቀር፣ ምንም አልተነፈሰችም።

ሐሙስ ደረሰ። ክፍል ልገባ ስል ሙአዝ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ቲቸር፣ አቶ ታፈሰ ጠዋት መጥተው አለማመዱን» አለኝ በሹክሹክታ። «ሁላችንም እጅ እናወጣለን። የሚያውቅ መዳፉን ይዘረጋል፤ የማያውቅ ይጨብጣል። አንተ ከተዘረጉት መርጠህ ትጠይቃለህ።»

ውስጥ ሁለት ሱፐርቫይዘሮች ፋይላቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። አቶ ታፈሰ ክራቫት አድርገዋል። አዴ ሀሊማ ጫታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከኋላ ተቀምጠዋል። የዕለቱ ርዕስ ትነት ነው። ምላሴ በድንጋጤ ጊዜ የሚሸሽበትን ያውቃል።

«ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ትነት ይባ...»

«ላል!»

«ትነት ሙቀት ይወስ...»

«ዳል!»

«ገባችሁ?»

«ገባን!»

አቶ ታፈሰ በእርካታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሕጋችን መሠረት አንድ ልጅ ተነስቶ ጠመኔውን መንጠቅ ነበረበት፤ ለእንግዳ ክብር ሲሉ ማንም አልተነሳም። «ትነት ለምን ሙቀት ይወስዳል?» ብዬ ስጠይቅ ስልሳ እጅ ወጣ። ስልሳውም ተጨብጧል።

አንደኛው ሱፐርቫይዘር ወደ አቶ ታፈሰ ዘንበል አለ። «ይህ ምን ዓይነት ምልክት ነው?»

«የቆራጥነት» አሉ አቶ ታፈሰ።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። አዴ ሀሊማ ተነስተዋል። «ይኼን ገባን የሚሉትን ቤትም እሰማዋለሁ» አሉና ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ በሩ አመሩ።

ነስሪያ ዞር ብላ አየቻቸው። ፊቷን አየሁት። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በጉራዬ ማስያዣ ያደረግኳት ልጅ በዓይኔ ፊት ወደ ሶፊ እየሄደች ነው። የትምህርት ዕቅዴን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

«እንቆቅልሽ» አልኩ፤ ድምፄ ግማሹ ብቻ ወጣ።

ልጆቹ ተያዩ። አቶ ታፈሰ ይህን አላለማመዷቸውም። ከዚያ ከወዲያና ከወዲህ፣ ቀስ እያለ፣ «ምን አውቅልህ» መጣ። ችግሩ እንቆቅልሽ አላዘጋጀሁም። የሱፐርቫይዘሩ እስክርቢቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

«እኔ ልጠይቅ» አለ አንድ ድምፅ፤ ከሦስተኛው ረድፍ። ነስሪያ ቆማለች። የምታየው እኔን ነው። «ሂቦ» አለች።

የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ምስጉን ተብሎ ለሠርቶ ማሳያ የተመረጠ መምህር በሁለት ሱፐርቫይዘር ፊት አላውቅም ማለት አለበት። «ምን አውቅልሽ» አልኳት። በኋላ በደረሰኝ ግብረ መልስ ላይ «መምህሩ የይዘት ዕውቀት ይጎድለዋል፤ ራሱም አምኗል» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ይጻፍ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደቀለለኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ሌባ ቤቴ ገባ» አለች ነስሪያ። «እግሩን ያየ የለም። እሳቴን ተሸክሞ ወጣ። እኔ ግን ነገም ና ብዬ ውሃ አስቀመጥኩለት።»

«ጅብ!» አለ ሙአዝ፤ ለሐረር ልጅ ቤት ሳይጠሩት የሚመጣ ሁሉ ጅብ ነው።

«ጅብ እሳት ይፈራል።»

አንደኛው ሱፐርቫይዘር ሥራውን ረሳው። «ንፋስ ነው» አለ።

«ንፋስ ውሃ አይፈልግም» አለችው። «ካላወቁ ሀገር ይስጡኝ።»

ሱፐርቫይዘሩ ጓደኛውን አየ፣ ፋይሉን አየ። «ይህ... ከበላይ አካል ጋር ተነጋግረን ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

«የጀሪካኑ ጆንያ ነው።» የተናገሩት አዴ ሀሊማ ናቸው፤ በሩን ይዘው ቆመዋል። «በውሃ እየነከርኩ የምጠቀልልበት።»

«አዎ አዳዳ» አለች ነስሪያ፤ አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት። «ግን እርጥብ ጆንያ ምን አድርጎ ነው ውሃውን የሚያቀዘቅዘው?»

አዴ ሀሊማ አሰቡ። ዕድሜ ልካቸውን ጠቅልለውታል፤ እናታቸውም ጠቅልለውታል። «ምን አውቅልሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ነስሪያ ወደ ሰሌዳው መጥታ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች። ጀሪካን ሣለች፣ ጆንያ አለበሰችው። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ተናገረች። ጆንያው ላይ ያለው ውሃ መሄድ ይፈልጋል፤ ሙቀት ሳይዝ ግን መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ከጀሪካኑ ይወስዳል፤ ውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል። ላብ ላይ ንፋስ ሲነካን የሚበርደን ለዚሁ ነው አለች። ለማንም ጭራ አልተወችም፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ራሷ ጀምራ ራሷ ጨረሰችው። ስትጨርስ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፤ አልጨበጠም፣ አልዘረጋም፣ ዝም ብሎ አወጣ።

«ዝናብ ሲዘንብ ግን ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ያን ቀን ጀሪካኑ ይቀዘቅዛል?»

ነስሪያ ወደ ሰሌዳው አየች፣ ወደ እኔ አየች። «ምን አውቅልህ» አለችው። «እናስበው።»

እንዳልጮህ አፌን በእጄ ያዝኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ስጠብቃት የነበረችው ጥያቄ መጣች፤ የምትጠበቅ መሆኗንም አላውቅም ነበር።

ነስሪያ ግን አልጨረሰችም። ወደ በሩ ዞረችና መዳፏን ዘረጋች። «አዳዳ፣ አላወቅሽም። ሀገር ስጪኝ።»

«ሶፊን እንኪ» አሉ አዴ ሀሊማ ሳያስቡት።

«ሶፊ የአባቴ ነው፤ የትም አይሄድብኝም» አለች። ድምጿ ቀጠነ። «ሐረርን ስጪኝ።»

ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ይጠብቃሉ። ሱፐርቫይዘሩ ይጽፋል። ምን እንደተጠየቀ ያወቅነው እሷ፣ አክስቷና እኔ ብቻ ነን። አዴ ሀሊማ ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ፤ ጃንጥላውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

«እንኪ» አሉ። «ሐረርን ሰጥቼሻለሁ።»

ሀገር የተሰጠው ሰው መፎከር አለበት። «ሐረር ገብቼ...» ብላ ጀመረች ነስሪያ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣላትም። ጭራውን የሞላላት ልጅ የለም፤ ሁሉም ጠበቃት።

መምህር ነኝና አንድ ትልቅ ነገር ተናግሬ ክፍለ ጊዜውን መዝጋት አለብኝ። ሱሪዬን ወደ ላይ ሳብ አደረግሁ፣ ሳልኩ፣ ሁለተኛዋንም ሳልኩ።

«እንግዲህ ልጆች» አልኩ፣ «ገባችሁ?»

ስልሳ ልጅ ጸጥ አለ። ነስሪያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ጠመኔውን እንደያዘች፣ መስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ ቦታዋን በጣቷ አሳየችኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።